ለካርፓል ተነል ሕመም የቱ ይሻላል፦ ካይሮፕራክቲክ፣ ስፕሊንት፣ መርፌ ወይስ ቀዶ ሕክምና?

እንቅልፍ ከያዘዎት በኋላ እጅዎ ደንዝዞ፣ ጣቶችዎን እየነዘረዎት ይነቃሉ። እጅዎን ከአልጋው ጠርዝ አውርደው ያራግፉታል፤ ትንሽ ቆይቶ ይለቅዎታል። ቀን ደግሞ ስልክ ሲይዙ፣ መሪ ሲጨብጡ ወይም መጽሐፍ ከፍ አድርገው ሲያነቡ ይመለሳል። ሐኪም «ሌሊት ሲነቁ እጅዎን ምን ያደርጉታል?» ብሎ ሲጠይቅ ታማሚው አፉን ሳይከፍት እጁን ካራገፈ፣ ሐኪሙ የካርፓል ተነል ሕመምን ከጥርጣሬዎቹ ሁሉ ፊት ያስቀምጠዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ወዴት ልሂድ?» የሚለው ነው። አንዱ ካይሮፕራክተር (መገጣጠሚያን በእጅ በማንቀሳቀስ የሚያክም ባለሙያ) አንገትህንና የእጅ አንጓህን ያስተካክልልህ ይላል፤ ሌላው ስፕሊንት (አንጓን ደግፎ የሚይዝ ማሰሪያ) እሰር፣ ሌላው መርፌ ተወጋ፣ ሌላው ደግሞ ሳይብስብህ ኦፕራሲዮን አድርግ ይላል። አራቱም ልክ የሚሆኑበት ሰውና ጊዜ አለ። የሚወስነው ግን ነርቩ ምን ያህል እንደተጎዳ ነው። ገና ለተቆጣ ነርቭ ቀላሉ ሕክምና ሊበቃ ይችላል፤ መሞት ለጀመረ ነርቭ ደግሞ በጥሩ እጅ የተሠራ ማሸት እንኳ ጊዜ ማባከን ነው። ስለዚህ ከባለሙያው በፊት ነርቩን እንመልከት።

ተነሉ ውስጥ ያለው ነገር

በመዳፍ ግርጌ፣ አንጓው ላይ፣ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ወለሉና ግድግዳው 8 ትንንሽ አጥንቶች ናቸው፤ ጣሪያው ከዳር ዳር የተወጠረ ወፍራም ማሰሪያ ጅማት ነው። በዚህ ውስጥ ጣቶችን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ተጠጋግተው ያልፋሉ። አጥንቱም ማሰሪያውም ስለማይለጠጡ የጅማቶቹ ሽፋን ጥቂት ካበጠ የሚሰፋበት ቦታ የለም። ግፊቱ ይጨምራል፤ ነርቩን የሚመግቡት ደቃቅ የደም ሥሮች ይታፈናሉ፤ ነርቩ መጀመሪያ መልእክት ማስተላለፍ ይቸገራል፣ ሲቆይ ሽፋኑ ይሳሳል፣ በመጨረሻ ክሮቹ ራሳቸው ይሞታሉ።

በ1981 የወጣ አንድ ጥናት ይህን ግፊት በቀጭን ቱቦ ለክቶታል። አንጓው ቀጥ ባለበት በጤነኞች በአማካይ 2.5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የደም ግፊት የሚለካበት መለኪያ) ነበር፤ በታማሚዎች 32። ታማሚዎቹ አንጓቸውን ወደ መዳፍ በኩል ሲያጥፉ 94፣ ወደ ኋላ ሲያጥፉ 110 ደረሰ። ብዙዎቻችን የምንተኛው አንጓችንን አጥፈን ነው፤ ሕመሙ ሌሊት የሚብስበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። እነዚህን ቁጥሮች ይያዙልን፤ ከዚህ በኋላ ስለየትኛውም ሕክምና ሲሰሙ «ይህ ነገር ተነሉ ውስጥ ያለውን ግፊት በምን መንገድ ይቀንሰዋል?» ብለው ይጠይቁ። ስፕሊንት አንጓውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ስቴሮይድ እብጠቱን ያወርዳል፣ ቀዶ ሕክምና ጣሪያውን ይከፍታል። ካይሮፕራክተር በዙሪያው ያሉትን መገጣጠሚያዎችና ጡንቻዎች ያላላል። ጣሪያውን አይከፍተውም።

በእርግጥ ከአንጓው ነው?

ሚዲያን ነርቭ የሚሰማው በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣት፣ በመሐል ጣትና በቀለበት ጣት ግማሽ ነው። የቀለበት ጣትዎን ሁለት ጎን በሌላ እጅዎ ጣት በቀስታ ይደባብሱ። በመሐል ጣት በኩል ያለው ጎን ደንዝዞ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ደህና ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ አንጓ ያዘነብላል፤ ከአንገት የሚመጣ ችግር አንድን ጣት እንዲህ ለሁለት መክፈሉ የተለመደ አይደለምና። ትንሿ ጣት ዋናዋ ደንዛዥ ከሆነች ግን የተያዘው ሌላ ነርቭ ሊሆን ይችላል፤ ያ ነርቭ ብዙ ጊዜ የሚታፈነው ክርን ላይ ነው። ከአውራ ጣት ሥር ያለው ወፍራም የመዳፍ ሥጋ ላይ ያለው ቆዳም ምልክት ይሰጣል። ለዚያ ቆዳ የሚሄደው ቅርንጫፍ ተነሉ ውስጥ ስለማይገባ በካርፓል ተነል ሕመም አይደነዝዝም። እሱም ከደነዘዘ ችግሩ ከአንጓው በላይ ይፈለጋል።

ቤት ውስጥ የሚደረግ አንድ ሙከራ አለ። ክርንዎን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው ክንድዎን ወደ ላይ ያቁሙ፤ እጅዎ አንጓው ላይ ታጥፎ በራሱ ክብደት እንዲወድቅ ይተዉትና እስከ 60 ሰከንድ ይጠብቁ። እነዚያው ጣቶች ከነዘሩ ወይም ከደነዘዙ ሙከራው አዎንታዊ ነው። ሐኪም ወይም ካይሮፕራክተር በዚህ ላይ ተነሉን በአውራ ጣቱ 30 ሰከንድ ያህል ይጫናል፣ ነርቩንም መታ መታ ያደርጋል። አንዱ ሙከራ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት ሦስቱ ከታሪኩ ጋር ሲገጥሙ ግን አስተማማኝ ነው።

አንገትዎን ወደ አንድ ጎን ሲያዞሩ ወይም ወደ ኋላ ሲያዘነብሉ ሕመሙ እስከ ጣት የሚወርድ ከሆነ፣ የአንገት ነርቭ መጨቆንም ሊኖር ይችላል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አብረው ይገኛሉ። በ1973 ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ነርቭ አንገት ላይ ከተጎዳ አንጓ ላይ ያለውን ጫና የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ብዙ ካይሮፕራክተሮች ለእጅ ሕመም አንገትን የሚያክሙት በዚህ ሐሳብ ተደግፈው ነው። ሐሳቡ ምክንያታዊ ነው፤ እስከ ዛሬም ያከራክራል። አንገትን ማንቀሳቀስ ተነሉ ውስጥ ያለውን 32 ወደ 2.5 ያወርዳል የሚል ድምዳሜ ግን ከእሱ አይወጣም።

የነርቭ ፍጥነት ምርመራ (ነርቩ መልእክት የሚያስተላልፍበትን ፍጥነት በቀላል ኤሌክትሪክ የሚለካው) ሁለት ነገር ይነግራል፦ ነርቩ የታፈነው አንጓ ላይ መሆኑንና የጉዳቱን ደረጃ። በአልትራሳውንድም ያበጠውን ነርቭ መለካት ይቻላል። ሌሊት ብቻ የሚነዝረው ሰው ስፕሊንት ለመጀመር ይህን ሁሉ መጠበቅ የለበትም። መርፌ ወይም ቀዶ ሕክምና ለሚያስብ፣ ወይም ከአንገት ይሁን ከአንጓ ግልጽ ላልሆነለት ግን ወጪው ተገቢ ነው።

ደረጃዎን ይወቁ

ቀላል የምንለው መደንዘዙ መጥቶ የሚሄድ፣ ሌሊትና በተወሰነ ሥራ ላይ ብቻ የሚነሳ፣ ጉልበትም ያልቀነሰበት ሲሆን ነው። መካከለኛው ደረጃ ላይ መደንዘዙ ቀንም ይደጋገማል፤ ቁልፍ መቆለፍ፣ መርፌ ማንሳት፣ ሳንቲም ከኪስ መለየት ያስቸግራል፤ ዕቃ ከእጅ ያመልጣል። ከባድ የሚባለው መደንዘዙ ጨርሶ የማይለቅበት ወይም ጡንቻ የሟሸሸበት ነው።

የጡንቻውን ለማየት ሁለት መዳፎችዎን ጎን ለጎን ወደ ላይ ዘርግተው በጥሩ ብርሃን ይመልከቱ። ከአውራ ጣት ሥር ያለው ጉብታ በአንዱ እጅ ጠፍጥፎ ወይም ጎድጉዶ ከታየዎት፣ ጡንቻው ምግቡን ከነርቩ እያጣ ነው። ከዚያ መዳፍዎን ወደ ጣሪያ እንዳዞሩ አውራ ጣትዎን ቀጥ አድርገው ወደ ጣሪያው ያቁሙ፤ ሌላ ሰው በአንድ ጣቱ ወደ መዳፉ ይግፋው። የታመመው እጅ አውራ ጣት ወዲያው ከወደቀና የጤነኛው ከጸና፣ እዚህ ላይ ያቁሙና የእጅ ቀዶ ሐኪም ወይም የነርቭ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ከዚህ ደረጃ በኋላ የሚባክን ወር ተመልሶ ላይመጣ ይችላል።

ሕመሙ ጭራሽ ቀለል ያለ መስሎዎት እንዳይዘናጉም አደራ። ያሠቃይ የነበረ መንዘር ጠፍቶ በቦታው ጸጥ ያለ ድንዛዜ ከቀረ፣ ያ መዳን ላይሆን ይችላል። የሞቱ ክሮች አያምሙም።

ካይሮፕራክቲክ፦ ምን ይደረጋል፣ ምን ይጠበቃል

ካይሮፕራክቲክ በ1895 አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ የተጀመረ፣ መገጣጠሚያን በተለይም አከርካሪን በእጅ በማንቀሳቀስ ላይ የቆመ ሙያ ነው። በብዙ አገር ራሱን የቻለ ትምህርትና የሥራ ፈቃድ አለው፤ ሕግ ያልወጣለት አገርም ስላለ ፈቃዱን መጠየቅ ነውር የለውም። ለካርፓል ተነል የሚሠራው ብዙ ጊዜ አራት ነገር ነው፦ የአንጓን ትንንሽ አጥንቶችና የክርንን መገጣጠሚያ ማንቀሳቀስ፣ የክንድንና የመዳፍን ጡንቻ ማሸትና መሳብ፣ አንገትንና የላይኛውን ጀርባ በፈጣን አጭር ግፊት ማንቀሳቀስ (ያ «ቋ» የሚለው)፣ እንዲሁም ስፕሊንትና የቤት እንቅስቃሴ ማዘዝ።

ይህን በቀጥታ ከፈተኑት ጥቂት ጥናቶች አንዱ በ1998 የወጣው ነው። 91 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ኢቡፕሮፌን የተባለው የሕመም ማስታገሻና የሌሊት ስፕሊንት ተሰጠው። ሁለተኛው ወገን በ9 ሳምንት ውስጥ 16 ጊዜ ካይሮፕራክተር ዘንድ ተመላለሰ፦ ለ2 ሳምንት በሳምንት 3 ጊዜ፣ ለ3 ሳምንት 2 ጊዜ፣ ለ4 ሳምንት 1 ጊዜ። በዚያ ላይ የአልትራሳውንድ ሕክምና (ለምርመራ ሳይሆን ለማከም የሚሰጥ የድምፅ ሞገድ) እና የሌሊት ስፕሊንት ነበረው። ሁለቱም ወገኖች ተሻላቸው፤ በመካከላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

ይህን ውጤት አንዳንዶች «ካይሮፕራክቲክ ከመድኃኒት እኩል ነው» ብለው ያቀርቡታል። ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ኢቡፕሮፌን ራሱ ለዚህ ሕመም ደካማ መድኃኒት ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ደግሞ ሌሊት ሌሊት ስፕሊንት ያስሩ ነበር። ምንም ያልተደረገለት ሦስተኛ ወገን ስላልነበረ ከመሻሉ ምን ያህሉ የእጅ ሕክምናው፣ ምን ያህሉ የስፕሊንቱ፣ ምን ያህሉ የጊዜው እንደሆነ ከዚያ ጥናት መለየት አይቻልም። እኛ የምንወስደው ትምህርት ስፕሊንት ሳያዝ 16 ቀጠሮ የሚያስይዝ ካይሮፕራክተር ከጥናቱ ዋናውን ነገር እንደጣለ ነው።

በእጅ የሚሰጥ ሕክምናን በአጠቃላይ ካየን ግን የተሻለ ዜና አለ። በ2015 ከስፔን የወጣ ጥናት 120 ሴቶችን ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን ቀዶ ሕክምና፣ ግማሾቹን ደግሞ በሳምንት አንዴ፣ በጠቅላላው 3 ጊዜ ብቻ የእጅ ሕክምና ሰጣቸው። የእጅ ሕክምናው ነርቩ ከአንገት እስከ ጣት የሚያልፍባቸውን ቦታዎች ሁሉ የሚያላላ ነበር። በ1ኛውና በ3ኛው ወር የእጅ ሕክምናው ወገን ቀድሞ ነበር፤ በ12ኛው ወር ሁለቱ እኩል ሆኑ። ሕክምናውን የሰጡት ፊዚዮቴራፒስቶች እንጂ ካይሮፕራክተሮች አልነበሩም፤ ወንዶችም አልተካተቱም። ቢሆንም አንድ ነገር ያሳያል፦ የሚጠቅም የእጅ ሕክምና ለመጥቀም ወራት የሚዘልቅ ጥቅል አያስፈልገውም።

ስለዚህ ካይሮፕራክቲክን ከመረጡ በዚህ መልክ ይጠቀሙበት። በመጀመሪያው ቀን ባለሙያው እጅዎን ሳይመረምር፣ ጡንቻዎን ሳያይ፣ ስለ ስኳርና ስለ እንቅርት ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ አልጋው ከወሰደዎት አይጀምሩ። ሕክምናው በአንጓ፣ በክንድና በመዳፍ ላይ እንዲያተኩር ይጠይቁ፤ ከዚህ የሚያገኙት ጥቅም ተስፋ አለው፣ አደጋውም ትንሽ ነው። 4 ሳምንት ወይም 6 ቀጠሮ ይስጡት። ከመጀመርዎ በፊት በሳምንት ስንት ሌሊት እንደሚነቁ ይጻፉ፤ በ4ኛው ሳምንት እንደገና ይቁጠሩ። ከ6 ሌሊት ወደ 2 ከወረደ ይቀጥሉ። ከ6 ወደ 5 ከሆነ ያ ለውጥ አይባልም። ከሕክምናው በኋላ ለአንድ ቀን ያህል ቦታው ቢቆረጥምዎት የተለመደ ነው፤ መደንዘዙ ከብዶ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ግን ግፊቱ በዝቷል ማለት ነውና ይንገሩት፤ ሳይቀንስልዎ ቀጣዩን አይቀበሉ።

አስቀድሞ ለዓመት የሚከፈል ጥቅል፣ ለዚህ ሕመም ብቻ ሲባል ተደጋጋሚ የአከርካሪ ራጅ፣ ወይም የቫይታሚን ቢ6 ጠርሙስ ከቀረበልዎ ይለፉት። ቢ6 ለካርፓል ተነል እንደሚጠቅም አልተረጋገጠም፤ በብዛት ለረዥም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። እጁ ለደነዘዘ ሰው ነርቭ የሚያደነዝዝ ነገር መሸጥ ያሳዝናል።

የአንገት ግፊት ለብቻው ይታይ። በፈጣን ግፊት አንገትን ማዞር አልፎ አልፎ በአንገት ውስጥ ወደ አንጎል በሚሄድ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ከሚፈጠር መሰንጠቅና ከስትሮክ ጋር ተያይዟል። እጅግ ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ የደረሰበት ግን ዕድሜ ልክ አካል ጉዳተኛ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ አንጓ ላይ ብቻ ለሆነ ሰው ይህን አደጋ የሚመጥን ጥቅም አላየንም፤ «አንገቴን በፈጣን ግፊት እንዳይነኩኝ» ማለት መብትዎ ነው፣ ጥሩ ባለሙያም በቀስታ በሚደረግ እንቅስቃሴ ይተካዋል። የአጥንት መሳሳት፣ የሩማቶይድ ቁርጥማት፣ የአንገት አጥንት ጉዳት ያለበት ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይቀበለው። ከሕክምናው በኋላ ድንገተኛ ከባድ የአንገት ወይም የራስ ሕመም፣ ሁለት ሁለት ማየት፣ የምላስ መኮላተፍ፣ የፊት መጣመም፣ ሚዛን ማጣት ከመጣ ጊዜ ሳይሰጡ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

ስፕሊንት፦ ርካሹና በብዛት የሚበላሸው

ስፕሊንት አንጓውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ሥራው ይኸው ነው። ግን ከመደብር የሚገዙት ብዙዎቹ በመዳፍ በኩል ባለው ኪስ ውስጥ ወደ ኋላ የታጠፈ ብረት ይዘው ይመጣሉ፤ አንጓውን 20 ወይም 30 ዲግሪ ወደ ኋላ ያጥፉታል። ይህ ለሌላ የእጅ ጉዳት ይመች ይሆናል፤ ለእርስዎ ግን ግፊቱን ይጨምራል። ብረቱን ከኪሱ ያውጡት፣ ጠረጴዛ ላይ ያኑሩት፣ እስኪተኛ ድረስ በእጅዎ ያቅኑትና ይመልሱት። አስረው ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ በጎን ሲያስተኙት የእጅዎ ጀርባና ክንድዎ አንድ መስመር መሥራት አለባቸው።

ስፕሊንቱ በመዳፍ ላይ ካለው የጣቶች መታጠፊያ መስመር ማለፍ የለበትም፤ ጣቶችዎ እንደ ልብ መታጠፍ፣ አውራ ጣትዎም ትንሿን ጣት መንካት አለበት። ማሰሪያውን ሲያጠብቁ አንድ ጣት ከሥሩ ይግባ። ጠዋት ቆዳዎ ላይ ጥልቅ መስመር ከታየ ወይም እጅዎ ካበጠ ጠብቋል፤ የጠበቀ ማሰሪያ ከውጭ ሌላ ግፊት ይሆናል።

ለ6 ሳምንት ሌሊቱን በሙሉ፣ በየሌሊቱ ይታሰር። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት «ምንም አልሠራም» ብሎ ይጥለዋል፤ ወይም ሦስት ሌሊት አስሮ ሁለት ይዘላል። ሙሉ ቀን ማሰር አያስፈልግም፤ ጡንቻውን ያዝላል፣ እጁንም ያደርቃል። ሕመሙን በሚያስነሳ አንድ ሥራ ላይ ብቻ ቀን ማሰር ይቻላል፤ ስፕሊንቱን እየታገሉ ከሠሩ ግን ይብሳል።

ከስፕሊንቱ ጋር የነርቭ ማንሸራተቻ እንቅስቃሴ ቢጨመር መልካም ነው። እጅዎን ይጨብጡ፤ ጣቶችን ቀጥ ያድርጉ፤ አንጓውን በቀስታ ወደ ኋላ ያጥፉ፤ አውራ ጣትን ወደ ጎን ይክፈቱ፤ መዳፉን ወደ ላይ ያዙሩ፤ በመጨረሻ በሌላው እጅ አውራ ጣቱን ጥቂት ሳብ ያድርጉ። በእያንዳንዱ ላይ 5 ሰከንድ፣ ዙሩን 5 ጊዜ፣ በቀን 3 ጊዜ። መለስተኛ መሳብ ሲሰማ ይቁሙ። «ካላመመኝ አይሠራም» የሚል ሰው እዚህ ላይ ራሱን ይጎዳል፤ የታፈነ ነርቭ ሲጎተት ይቆጣል።

የስቴሮይድ መርፌ

ሐኪሙ አንጓው መስመር አጠገብ በቀጭን መርፌ ስቴሮይድ ተነሉ ውስጥ ያስገባል፤ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። እፎይታው በቀናት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመጣል። በ2018 የታተመ፣ 234 ሰዎች የተሳተፉበት የእንግሊዝ ጥናት አንድ የ20 ሚሊ ግራም ሜቲልፕሬድኒሶሎን መርፌን ከ6 ሳምንት የሌሊት ስፕሊንት ጋር አወዳድሮ በ6ኛው ሳምንት መርፌው በልጦ አገኘው፤ በ6ኛው ወር ልዩነቱ ጠፋ። በ2013 የወጣ የስዊድን ጥናት ደግሞ ስፕሊንት ሞክረው ያልተሻላቸውን 111 ሰዎች በአንድ ዓመት ተከታተለ፦ 80 ሚሊ ግራም ከተወጉት 73 በመቶ፣ 40 ከተወጉት 81 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለው መርፌ ከተወጉት 92 በመቶ በዓመቱ ውስጥ ኦፕራሲዮን ሆነዋል። መርፌ ጊዜ ይገዛል። ለፈተና ለሚዘጋጅ፣ ለመውለድ ጥቂት ለቀራት፣ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮው ለራቀበት ያ ጊዜ ትልቅ ነገር ነው።

መርፌው ሲገባ ወደ ጣት የሚወረወር የኤሌክትሪክ ዓይነት ስሜት ከተሰማዎ ወዲያው ይናገሩ፤ መርፌው ነርቩን ነክቷልና ሐኪሙ ሊያወጣው ይገባል። ስኳር ያለበት ሰው ለጥቂት ቀናት የስኳሩ መጠን ስለሚወጣ በየቀኑ ይለካ። የተወጋው ቦታ ቆዳ ሊነጣ ወይም ሊሳሳ ይችላል። በሌላ በኩል መርፌ የምርመራም ጥቅም አለው፦ ለሳምንታት እንኳ በደንብ ከሠራ ችግሩ በእርግጥ ተነሉ ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ ኦፕራሲዮኑም የመሳካት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ቀዶ ሕክምና

የተነሉ ጣሪያ የሆነው ማሰሪያ ይቆረጣል። አብዛኛውን ጊዜ እጁን ብቻ አደንዝዞ፣ በ10 እስከ 20 ደቂቃ ይጠናቀቃል፤ ታማሚው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። በ2002 የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት 176 ሰዎችን ለቀዶ ሕክምናና ለስፕሊንት ከፍሎ፣ በ3ኛው ወር ከቀዶ ሕክምናው ወገን 80 በመቶው፣ ከስፕሊንቱ 54 በመቶው እንደተሳካላቸው አገኘ። በ18ኛው ወር 90 ለ75 ሆነ፤ ግን እስከዚያ ድረስ ከስፕሊንቱ ወገን 41 በመቶው ኦፕራሲዮን ሆነው ነበር። ቁጥሩን ገልብጠን ስናየው ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያለ ቢላ ዓመት ከመንፈቅ ቆይተዋል።

በመክፈትና በካሜራ በሚሠራው መካከል ብዙ አይጨነቁ፤ በካሜራ የተሠራለት ትንሽ ቀደም ብሎ ወደ ሥራ ይመለሳል፣ ነርቩ ለጊዜው የመነካካት ዕድሉ ግን ጥቂት ከፍ ይላል፤ የዓመቱ ውጤት አንድ ነው። ዋናው የሐኪሙ እጅ ነው። ስፌቱ በ10 እስከ 14 ቀን ይወጣል። የቢሮ ሥራ በ1 ወይም በ2 ሳምንት፣ መዶሻና ከባድ ሸክም ከ6 ሳምንት በኋላ። ሰውን የሚያስደነግጠው ከቁስሉ ግራና ቀኝ፣ በመዳፉ ሥር የሚሰማ ሕመም ነው፤ ከወንበር ሲነሱ በመዳፍ መደገፍ ያሳምማል፤ እስከ 3 ወርና አንዳንዴ ከዚያ በላይ ይቆያል፣ ከዚያ ይለቃል። የጭብጥ ጉልበትም በ2 እና 3 ወር ይመለሳል።

ሌሊት የሚያነቃው መንዘር ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጠፋል። ቋሚ ድንዛዜ ወራት ይፈልጋል። የሟሸሸ ጡንቻ ላይመለስ ይችላል። ቀዶ ሕክምናውን በማዘግየት የሚከፈለው ዋጋ ይህ ነው፤ «ሁሉን ሞክሬ መጨረሻ ላይ እሄዳለሁ» የሚለው ዕቅድም ለከባድ ደረጃ የማይሠራው ለዚህ ነው። ምንም ካልተለወጠ ማሰሪያው ሙሉ በሙሉ አልተቆረጠ ይሆናል፣ ወይም ችግሩ ከመጀመሪያውም ሌላ ቦታ ነበር፤ ሁለቱም እንደገና ይመረመራሉ።

ታዲያ ለማን የቱ?

ሌሊት ብቻ ለሚነዝረው፣ ጉልበቱም ደህና ለሆነ፦ የቀና ስፕሊንት ለ6 ሳምንት፣ ከእንቅስቃሴው ጋር። ካይሮፕራክተር ወይም ፊዚዮቴራፒስት ከዚህ ላይ ቢጨምር እንደ ድጋፍ እንቀበለዋለን፤ በተለይ ትከሻውና አንገቱ አብሮ ለሚያመው ሰው፣ በእጁ የሚሠራም ሆኖ ክንዱ እንደ ገመድ ለተወጠረበት። ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ከተቸገሩ፣ የተሻለ የሚመረምርዎንና የቤት ሥራ የሚሰጥዎን ይምረጡ።

ቀንም ለሚደነዝዘውና ዕቃ ለሚያመልጠው፦ የነርቭ ፍጥነት ምርመራ ይደረግለት፤ ስፕሊንቱን በዚያው ይጀምር፤ መርፌ ጥሩ ሁለተኛ እርምጃ ነው። ካይሮፕራክቲክ እዚህ ላይ ብቻውን እንዲሆን አንመክርም።

ድንዛዜው ለማይለቀው ወይም ጡንቻው ለጎደለ፦ ቀዶ ሕክምና። ቀጠሮው እስኪደርስ ስፕሊንት ያስር።

ነፍሰ ጡር ሴት አብዛኛውን ጊዜ ከወለደች በኋላ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይተዋታል፤ ስፕሊንት ይበቃታል፣ ካልቻለች መርፌ አለ። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ሁለት ነገር ሊደራረብበት ይችላል፤ እግሩም ከደነዘዘ አንጓውን ማከም እጁን በከፊል ብቻ ነው የሚመልሰው፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ በኋላ ከመከፋት ያድናል። የእንቅርት ሆርሞን ማነስ ያለበትም ሆርሞኑ ሳይስተካከል የትኛውም የእጅ ሕክምና አይረጋለትም። በሚንቀጠቀጥ መሣሪያ የሚሠራ ወይም አንጓውን አጥፎ በኃይል የሚጨብጥ ሰው መያዣውን ወፈር ካላደረገ፣ በሥራው መሐል በየጊዜው ካላረፈ፣ ሌሊት የወረደው ግፊት ቀን ተመልሶ ይወጣል።

ከአራቱ ምርጫ ውጪ የሆኑ ሁኔታዎችም አሉ። አንጓው ከተሰበረ ወይም ከተመታ በኋላ በሰዓታት ውስጥ እየከበደ የሚሄድ ሕመምና ድንዛዜ የዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ሊፈልግ ይችላል። ሁለቱም እጆች ደንዝዘው እግር ከተሳሰረ፣ መራመድ ካወላከፈ ወይም ሽንት ከተቸገረ፣ የታፈነው አንገት ውስጥ ያለው ሕብለ ሰረሰር ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሰው ማንም አንገቱን ሳይነካው በአስቸኳይ ሆስፒታል ይሂድ።

6ኛው ሳምንት ሲሞላ ሌሊቶቹን ይቁጠሩ፣ መዳፎችዎን ጎን ለጎን ይዩ፣ አውራ ጣትዎን ያስገፉ። ሦስቱም ደህና ከሆኑ ስፕሊንቱን ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ አንድ ሌሊት እየዘለሉ፣ ይተዉት። ከሦስቱ አንዱ ከባሰ ቀጣዩ ቀጠሮዎ ከእጅ ቀዶ ሐኪም ወይም ከነርቭ ሐኪም ጋር ይሁን፤ ሲሄዱም የቆጠሩትን ወረቀት ይዘው ይሂዱ።